የዛፍን ዕድገት ስለሚያዙ ንጥረ ነገሮች

 

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ዛፍ ነው። ስለ ዛፍ ስናወራ ብዙ ጊዜ ውሃን፣ ፍግንና ተባይን እናነሣለን። ዛሬ ግን ሌላ ነገር እናነሣለን። ዛፍ እንዲረዝም፣ እንዲያብብ፣ ፍሬው እንዲበስል የሚያዘው ምንድን ነው? ሰውስ ይህን ትእዛዝ መለወጥ ይችላል? ቢለውጠው ምን ይጠቀማል? ምንስ ይጎዳል?

እኔ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ሙያዬን የተማርኩት በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ነው። የግብርና ባለሙያ አይደለሁም። ነገር ግን ያደግሁት ምዕራብ ጎጃም ውስጥ፣ ቡናና አቦካዶ ባለበት ጓሮ ነው። በዚያው ጓሮ ውስጥ አንድ ትልቅ ጥፋት አጥፍቻለሁ። ጥፋቴን ኋላ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ነገሩን ከሥሩ እንያዘው።

ጫፉ ሲቆረጥ

አንድ ችግኝ ተመልከቱ። ግንዱ ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ያድጋል። ጫፉን ብትቀነጥሱት ምን ይሆናል? ጥቂት ሳምንታት ይቆይና ከጎኑ አዳዲስ ቀንበጦች ያወጣል። ቡና ያለው ሰው ይህን ያውቃል። ጌሾ ያለውም ያውቃል። ለምን እንደዚህ እንደሚሆን ግን ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?

ምክንያቱ ይህ ነው። በተክሉ ጫፍ ላይ አንድ ንጥረ ነገር ይሠራል። ስሙ ኦክሲን ይባላል። ኦክሲን ከጫፉ ተነሥቶ በግንዱ ውስጥ ወደ ታች ይወርዳል። ሲወርድም በጎን ያሉትን እንቡጦች «እናንተ ቆዩ፤ አሁን ተራው የእኔ ነው» እንደሚል ያህል አስተኝቶ ያቆያቸዋል። ጫፉ ሲቆረጥ ትእዛዙ ይቋረጣል። የተኙትም ይነሣሉ።

እንደ ኦክሲን ያለውን ንጥረ ነገር ሆርሞን ይሉታል። ሆርሞን ምግብ አይደለም። ዛፍ ምግቡን የሚሠራው በቅጠሉ ነው። ከፀሐይ ብርሃን፣ ከአየርና ከውሃ ይሠራዋል። ሆርሞን ግን መልእክት ነው። መጠኑ እጅግ ትንሽ ነው። ሥራው ግን ትልቅ ነው።

እርሾን አስቡ። ጥቂት እርሾ አንድ ቡሃቃ ሊጥ ያቦካል። እርሾው ከልክ ሲያልፍ ደግሞ ሊጡ ይኮመጥጣል። የዛፍም ሆርሞን እንደዚሁ ነው። ትንሹ ይሠራል፤ ብዙው ያበላሻል። ይህን ቃል ያዙልኝ። ወደ መጨረሻ እንመለስበታለን።

ሌላም ሆርሞን አለ። ኤቲሊን ይባላል። ይኼኛው ጋዝ ነው። እናቶች ስሙን ባያውቁትም ሥራውን ያውቁታል። ጥሬ አቦካዶ ከበሰለ ሙዝ ጋር በአንድ ከረጢት ቢታሰር ቶሎ ይበስላል። ለምን? ከበሰለው ሙዝ ኤቲሊን ይወጣና ጥሬውን «ብሰል» ይለዋል። ጭስም ውስጥ ይህ ጋዝ አለ። ሙዝ በጭስ ታፍኖ ቶሎ ቢጫ የሚሆነው ስለዚህ ነው።

ሞኙ ችግኝ

ሦስተኛው ሆርሞን ጂበሬሊን ይባላል። የተገኘበት ታሪክ ደስ ይላል።

በጃፓን አገር ሩዝ የሚዘሩ ገበሬዎች አንድ ችግር ነበረባቸው። ከማሳው መካከል አንዳንዱ ችግኝ ከጓደኞቹ ሁሉ በልጦ ይረዝማል። ሲያዩት ጤነኛ ይመስላል። ነገር ግን ቀጭንና ገርጣ ያለ ነው። ውሎ አድሮ ይወድቃል። ፍሬም አይሰጥም። ገበሬዎቹ ይህን በሽታ «ሞኝ ችግኝ» አሉት።

በ1926 እ.ኤ.አ. ኤይቺ ኩሮሳዋ የተባለ ጃፓናዊ ተመራማሪ ነገሩን ደረሰበት። በሽታውን የሚያመጣው ሻጋታ አንድ ንጥረ ነገር ያመነጫል። ችግኙን ያለ ልክ የሚያስረዝመው ይህ ንጥረ ነገር ነው። በ1935 እ.ኤ.አ. ደግሞ ተይጂሮ ያቡታ የተባለ ሌላ ጃፓናዊ ለዚሁ ንጥረ ነገር ጂበሬሊን የሚል ስም ሰጠው። ኋላ እንደታወቀው፣ ጤነኛ ተክሎችም ራሳቸው ጂበሬሊን ይሠራሉ። ልዩነቱ በልክ መሥራታቸው ነው።

ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር አለ። ርዝመት ሁሉ ጤና አይደለም። ዛፍ ሽቅብ ስለተመዘዘ ብቻ ደህና ነው አይባልም።

ዛፍን የሚያረጋጋው መድኃኒት

እንግዲህ ጂበሬሊን የሚያስረዝም ከሆነ፣ ጂበሬሊን ሲቀንስ ዛፉ ምን ይሆናል? ሰዎች ይህን ጥያቄ ጠየቁ። ጠይቀውም ዛፉ ጂበሬሊን እንዳይሠራ የሚያግድ መድኃኒት አገኙ። ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዱ ፓክሎቡትራዞል ይባላል። ስሙ ረዥም ነው። ቀስ ብላችሁ አንብቡት፦ ፓክ-ሎ-ቡት-ራ-ዞል።

ይህ መድኃኒት በውሃ ተበጥብጦ ብዙውን ጊዜ በግንዱ ሥር ባለው አፈር ላይ ይፈስሳል። ሥሮች ይመጡታል። ወደ ቅርንጫፎች ጫፍም ይወጣል። ከዚያ በኋላ ዛፉ ማደጉን አያቆምም። ዕድገቱን ያዘገያል እንጂ። አዲሱ ቀንበጥ ያጥራል። ቅጠሉ ይወፍራል፤ አረንጓዴነቱም ይደምቃል። በብዙ ዛፎች ላይ ቀጫጭን ሥሮች ሲበዙ ታይቷል። ዛፉ ጉልበቱን ሽቅብ ለመመዘዝ አያውለውም። ለሥሩ፣ ለአበባውና ለፍሬው ያውለዋል።

ይህ ለማን ይጠቅማል?

አንደኛ፣ ለማንጎ አልሚዎች ይጠቅማል። ማንጎ ጠባዩ አስቸጋሪ ነው። አንድ ዓመት ብዙ ያፈራና በሚቀጥለው ዓመት ያርፋል። ቅጠል ብቻ ሆኖ አበባ የሚነፍግበት ጊዜም አለ። ህንድንና ታይላንድን በመሳሰሉ አገሮች አልሚዎች ማንጎ እንዲያብብ ፓክሎቡትራዞልን ይጠቀሙበታል። በአገራችንም ቶሚ አትኪንስ በሚባለው የማንጎ ዝርያ ላይ ሙከራ ተደርጎ ውጤቱ በ2004 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ዛፎቹ የሚያወጡት ቀንበጥ ቀንሷል። የፍሬው ብዛትና ጥራት ግን ተሻሽሏል።

ሁለተኛ፣ ለከተማ ዛፎች ይጠቅማል። በአሜሪካ አገር በኤሌክትሪክ ሽቦ ሥር ለሚያድጉ ዛፎች ይሰጣል። በየጊዜው በመጋዝ ከመቆራረጥ ዕድገታቸውን ማዘግየት ይሻላል ተብሎ ነው። አንድ ጊዜ የተሰጠው መድኃኒት እስከ ሦስት ዓመት ሊሠራ ይችላል።

ሦስተኛ፣ ሥሩ ለተጎዳ ዛፍ ይጠቅማል። መንገድ ሲሠራ፣ ቦይ ሲቆፈር የዛፍ ሥር ይቆረጣል። ከላይ ያለው ብዙ ቅጠል ውሃ ይፈልጋል። ከታች ያለው ጥቂት ሥር ግን ያን ያህል ማቅረብ አይችልም። ዛፉ ለጊዜው ማደጉን ቢያዘገይ ሥሩን ለመጠገን ፋታ ያገኛል።

አሁን ደግሞ ጉዳቱን ስሙ። ይህ መድኃኒት ማዳበሪያ አይደለም። ተባይንም አይገድልም። ውሃ የጠማውን ዛፍ አያጠጣም። በመሞት ላይ ያለውን ዛፍ አያስነሣም። መጠኑ እንደ ዛፉ ዓይነትና እንደ ግንዱ ውፍረት ይለያያል። መጠኑ ከበዛ ዛፉ ተኮራምቶ ለዓመታት ይቀራል። አፈር ውስጥም ብዙ ጊዜ ይቆያል። ስለዚህ አጠገቡ የሚተከለውን ጎመንና ቲማቲምም ሊያቀጭጭ ይችላል። እንግዲህ ይህ «ጎረቤቴ አድርጎታል፤ እኔም ላድርገው» የሚባል ነገር አይደለም። በቅድሚያ የግብርና ባለሙያ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ጥፋቴ

አሁን የራሴን ታሪክ ልንገራችሁ።

እናቴ አንድ ዓመት በግ ሸጠች። በገንዘቡ አሥራ ሁለት የተዳቀሉ የአቦካዶ ችግኞች ገዛች። ከቤታችን ጀርባ ተከለቻቸው። አጥር አጠረችላቸው። በበጋ ከወንዝ ውሃ እየቀዳች አጠጣቻቸው። በሁለተኛው ዓመት ለምልመው ወገቧ ላይ ደረሱ።

በዚያ ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ወደ ቤት ሄድኩ። «እማዬ፣ እነዚህን ችግኞች የቅጠል ማዳበሪያ ልርጭልሽ» አልኳት። ማዳበሪያውን ከከተማ ገዝቼ ይዤ ነበር። መርጫ ግን የለንም። ስለዚህ ከጎረቤታችን በጀርባ የሚታዘል መርጫ ተዋስኩ። አንድ ጊዜ በውሃ አለቅለቅሁት። ከዚያ ማዳበሪያውን በጥብጬ ረጨሁ። ደስ ብሎኝ ነበር። ለእናቴ ውለታ የከፈልኩ መስሎኝ ነበር።

ሦስት ቀን አለፈ። የችግኞቹ ጫፍ እንደ ቀንድ ተጠማዘዘ። ቅጠላቸው ተጨማደደ። ግንዳቸው ጎበጠ። ሳምንት ሳይሞላ አንዳንዶቹ መድረቅ ጀመሩ።

እኔም በንዴት ወደ ጎረቤታችን ቤት ሄድኩ። «ምን ዓይነት መርጫ ነው የሰጡኝ? የእናቴን ችግኝ ጨረሱብን!» አልኳቸው። ሰውዬው በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ። ዝም ብለው አዳመጡኝ። ከዚያ «ልጄ፣ መርጫውን ስትወስድ ምን ረጭተውበት ነበር ብለህ ጠየቅኸኝ?» አሉ።

አልጠየቅኳቸውም ነበር።

እሳቸው በመርጫው የጤፍ አረም ማጥፊያ ረጭተውበት ነበር። መድኃኒቱ ቱ ፎር ዲ ነው። ዕቃውን ከጓዳ አውጥተው ሰጡኝ። «እኔ የማውቀው በክዳኑ ቀለም ነው፤ ማንበብ አልችልም» አሉ። ዕቃውን ይዤ ወደ ቤት ተመለስኩ።

እናቴ ዕቃውን ከእጄ ተቀበለች። መነጽሯን አደረገች። እናቴ ፊደል የቆጠረችው በ1972 ዓ.ም.፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ፣ ልጃገረድ ሳለች ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ አላነበበችም። ቢሆንም በጣቷ እየተከተለች፣ ቃሉን እየቆራረሰች አነበበችው። ቅጠለ ሰፊ ተክሎችን እንደሚገድል ተጽፏል። መርጫው ከተሠራበት በኋላ በሚገባ መታጠብ እንዳለበትም ተጽፏል።

አንብባ ስትጨርስ ቀና ብላ አየችኝ።

«ልጄ፣ አንተ ይህን አንብበኸው ነበር?» አለችኝ።

«አላነበብኩም» አልኳት።

«ታዲያ ፊደሉ የተጻፈው ለማን ነው?»

መልስ አልነበረኝም። እኔ መምህር ነኝ። በየቀኑ ልጆችን «አንብቡ» እላለሁ። ማንበብ የማይችሉትን ሽማግሌ ግን በማላውቀው ነገር ወቀስኳቸው። ማታውኑ እናቴ ከእኔ ጋር ተነሥታ ወደ ቤታቸው ሄድን። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። እሳቸውም ይቅር አሉኝ። ቡና ተፈላ። ከአሥራ ሁለቱ ችግኞች ግን ሰባቱ ሞቱ። አምስቱ ቆስለው ተረፉ።

ያ መድኃኒት ምን አደረገ?

ይህን ታሪክ የነገርኳችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። ቱ ፎር ዲ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ሰው የሠራው ኦክሲን ነው። አዎ፣ ቅድም ያልነው ኦክሲን! ኦክሲን በትንሽ መጠን ሲሆን የተቆረጠ ቅርንጫፍ ሥር እንዲያወጣ ይረዳል። ያለ ልክ ሲበዛ ግን ተክሉ ትእዛዝ ይምታታበታል። እዚህ ያብጣል፤ እዚያ ይጠማዘዛል። ውሃና ምግብ የሚያልፍበት መንገድ ይበላሻል። በመጨረሻም ይሞታል።

ጤፍ፣ ስንዴና በቆሎ የሣር ወገን ስለሆኑ መድኃኒቱን ይቋቋሙታል። ቅጠለ ሰፊ አረም ግን አይቋቋመውም። አቦካዶ፣ ቡና፣ ባቄላና ቲማቲምም ቅጠላቸው ሰፊ ነው። መድኃኒቱ አረሙን ከቡናው ለይቶ አያውቅም። መለየት የእኛ ሥራ ነው። የእርሾውን ነገር ታስታውሳላችሁ? ትንሹ ይሠራል፤ ብዙው ያበላሻል ብለን ነበር።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንድ፣ ጽሑፉን እናንብብ። በዕቃው ላይ አምስት ነገሮች ፈልጉ፦ የመድኃኒቱን ስም፣ ለምን እንደሚያገለግል፣ መጠኑን፣ የሚያበቃበትን ቀንና ጥንቃቄውን። በጽሑፉ ግርጌ ያለውን የቀለም መስመርም ተመልከቱ። ቀይ መስመር ከሁሉ የባሰ መርዝ መሆኑን ያመለክታል። ቢጫ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ በቅደም ተከተል አደጋቸው እየቀነሰ ይሄዳል። አረንጓዴ ነው ብሎ መዘናጋት ግን አይገባም። ጽሑፉ በማታውቁት ቋንቋ ከሆነ የሚያውቅ ሰው ሳያነብላችሁ አትጠቀሙበት።

ሁለት፣ መጠኑን እናስላ። ለምሳሌ ጽሑፉ «ለ10 ሊትር ውሃ 20 ሚሊ ሊትር» ይላል እንበል። የእናንተ መርጫ የሚይዘው 15 ሊትር ቢሆን ስንት ትጨምራላችሁ? ለ10 ሊትር 20 ከሆነ፣ ለ5 ሊትር 10 ነው። 20 ሲደመር 10፣ 30 ሚሊ ሊትር ይሆናል። «ለማንኛውም ትንሽ ልጨምርበት» ማለት ክልክል ነው።

ሦስት፣ በሃይላንድ ተገልብጦ የሚሸጥ መድኃኒት አንግዛ። ስም የለውም፤ መጠን የለውም። ልጅ ውሃ መስሎት ሊጠጣው ይችላል። ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ መሸጥ በሕግ የተከለከለ ነው።

አራት፣ የአረም ማጥፊያ መርጫ ለብቻው ይሁን። እናቴ አሁን የራሷ መርጫ አላት። በእጀታው ላይ ቀይ ክር አስራበታለች። ያ መርጫ ለዛፍ ብቻ ነው። ሁለት መርጫ መግዛት የማይችል ሰው ቢያንስ ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ይጠበው፤ ካጠበውም በኋላ ለችግኝ ባይጠቀምበት ይሻላል። እጣቢው ወደ ወንዝ አይደፋ።

አምስት፣ ነፋስ ሲነፍስ አረም ማጥፊያ አንርጭ። ጠብታው በነፋስ ተነሥቶ የጎረቤትን ጓሮ ያቃጥላል። ከጓሮው ጋር ጉርብትናውንም ያቃጥላል።

በእጃችን ያለው

«እኔ ይህን ሁሉ መድኃኒት የምገዛበት ገንዘብ የለኝም» የሚል ሰው ይኖራል። አይዞህ! አይዞሽ! የዛፍን ሆርሞን ያለ መድኃኒትም ማዘዝ ይቻላል። መቀስና መጋዝ ይበቃል።

ያረጀ ቡናን ውሰዱ። ረዝሟል፤ ቅርንጫፉ ባዶ ሆኗል፤ ፍሬው ጫፉ ላይ ብቻ ነው። ይህን ቡና ጎንድሉት። ምርቱ ከተለቀመ በኋላ፣ በበጋ፣ ከመሬት በላይ ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ትታችሁ ቁረጡት። ቁርጡ ሰያፍ ይሁን፤ ውሃ እንዳይቋጥር ነው። መጋዙ ስለት ይኑረው። ከላይ ይመጣ የነበረው የኦክሲን ትእዛዝ ይቋረጣል። በግንዱ ላይ የተኙት እንቡጦች ይነሣሉ። ብዙ ቀንበጥ ሲወጣ ጠንካሮቹን ሁለት ወይም ሦስት ትታችሁ ሌላውን አንሡ። በእርግጥ ምርት እስኪሰጥ ሁለት ዓመት ያህል መታገሥ ያስፈልጋል። ስለዚህ ጓሮውን በሙሉ በአንድ ዓመት አትጎንድሉ። በየዓመቱ ከፍላችሁ ጎንድሉ።

እናቴም የተረፉትን አምስት አቦካዶዎች እንደዚሁ አደረገቻቸው። የተጠማዘዘውን ጫፍ ከጤነኛው ላይ ቆረጠችው። ሥራቸውን በደረቅ ሣር ሸፈነች። ግንዱን ግን ሣሩ እንዳይነካው ዙሪያውን ክፍት ተወች። አጠጣቻቸው። ከጎን አዲስ ቀንበጥ አወጡ። ዛሬ አምስቱም ያፈራሉ። መጀመሪያ የተለቀመውን አቦካዶ በሰፌድ ሞልታ የላከችው ለጎረቤታችን ነው። ሰውዬው ዘንድሮ የጎልማሶች ትምህርት ጀምረዋል። በክዳኑ ቀለም ሳይሆን በጽሑፉ ማወቅ እንደሚፈልጉ ነግረውኛል።

ውድ አድማጮች፣ ውድ አንባቢዎች! ዛፍ አይናገርም። ትእዛዙን ግን ይሰማል። እኛ የተሳሳተ ትእዛዝ ከሰጠነው እሺ ብሎ ይሞታል። ስለዚህ ከማዘዛችን በፊት እናንብብ፤ ያላወቅነውን እንጠይቅ።

በሚቀጥለው ንግግር እስክንገናኝ ደህና ሁኑ።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. የችግኝ ጫፍ ሲቆረጥ ከጎን ቀንበጥ የሚወጣው ለምንድን ነው?
2. «ርዝመት ሁሉ ጤና አይደለም» የተባለው ለምንድን ነው?
3. ፓክሎቡትራዞል ለዛፍ ምን ይጠቅማል? መጠኑ ሲበዛስ ምን ይጎዳል?
4. ጽሑፉ «ለ10 ሊትር ውሃ 20 ሚሊ ሊትር» ቢል፣ ለ20 ሊትር ስንት ይጨመራል?
5. በቤታችሁ ያለ አንድ የመድኃኒት ዕቃ አምጡ። ጽሑፉን በቡድን ሆናችሁ አንብቡ። ዕቃውን ከነካችሁ በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።